የሚነገር ይቅደም፣ የሚጻፍ ይቆይ

በየሰፈሩ አንድ ቅደም ተከተል አስከባሪ አለ። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም ደመወዝ አይከፍለውም፤ እሱ ከሌለ ግን ሠርጉም ለቅሶውም ታክሲውም በወጉ የሚሄድ አይመስለውም። ሰልፍ ባየበት ሁሉ ግንባር ላይ ይቆማል፤ ሊቀድም አይደለም፣ ማን እንደሚቀድም ሊወስን ነው። «አንተ ቆይ፣ አንቺ ነይ፣ እሳቸው ይለፉ» ሲል ውሎ የራሱ ተራ ሳይደርስ ይመሻል። የኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለውም የሚል ካለ፣ ደህና አድርጎ አልፈለገም።

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሰዎች መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ክቡር ጋሽ ስማቸው ነበሩላቸው። የሞባይል ካርድና የስልክ ልባስ የሚሸጡባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቀርባት ኪዮስክ ነበረቻቸው። ልብስ ሰፊው የሱፍ ከሳቸው ሦስት ሱቅ ወረድ ብሎ ነው የሚሠራው። ሥራ ሲቀዘቅዝ የስፌት መኪናውን ትቶ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ ለመሳቅ ነው የሚሄደው። እንዳይታወቅበት ግን ሁልጊዜ መርፌ አፉ ውስጥ ይዞ ይሄድ ነበር።

ጋሽ ስማቸው ይህን ሥልጣን ከሜዳ አላፈሱትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ወደ አዲስ አበባ መስመሩ ለወጉ ያህል ነበር፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ደጅ ላይ ፈሶ ይውላል። ማን ይቅደም? ጋሽ ስማቸው ያውቃሉ! በደርግ ጊዜ አንድ የወረዳ ሹም ሽጉጣቸውን ታጥቀው መጥተው «አገናኘኝ» ቢሏቸው፣ «ጓድ፣ የርስዎ ጉዳይ ነገም ጉዳይ ነው። ይቺ ሴትዮ ልጇ ሆስፒታል ተኝቷል» ብለው ሴትዮዋን አስቀደሟት ይባላል። ሹሙ ቆመው ጠበቁ። የሱፍ ይህን ታሪክ ሃምሳ ጊዜ ሰምቶታል፤ በየጊዜው የሹሙ ሽጉጥ አንድ ትጨምር ነበር።

ጡረታ ወጡ እንጂ ከማዞሪያው አልተነሡም። መናኸሪያ ሄደው የቦሩ ሜዳን ሚኒባስ ተሳፋሪ ይደለድላሉ፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ይቅደም፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ይቆይ። አንድ ጥርሱን የታመመ ጎረምሳ ጉንጩን ይዞ «እኔም በሽተኛ ነኝ» ቢላቸው፣ «በጥርስህ ነው እንዴ የምትሄደው? ቁም!» ብለው አንዲት እግሯ በፋሻ የታሰረ አሮጊት በሱ ቦታ አስገቡ። በየሱፍ ሠርግ ዕለት ደግሞ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከደጋን የመጡት ሚዜዎች መኪናቸው ሊሄድባቸው ነው ብለው አስቀድመው አበሏቸው፣ ቀጥሎ አሮጊቶቹን፣ ቀጥሎ ሕፃን የያዙትን። ሙሽራው ራሱ የበላው በስተመጨረሻ፣ ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። «አንተ የት ትሄዳለህ? እዚሁ ነህ» አሉት። ባለቤቱ ሳፊያ እስከ ዛሬ ስታስታውሰው ትስቃለች፤ እሱ ብዙም አይስቅ።

ሞባይል ደሴ ገብቶ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ጋሽ ስማቸው የተደሰተ የለም። መስመሩ እንደገና ተጨናነቀ፣ ሥልጣናቸውም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኪዮስካቸው ደጃፍ ላይ ትምህርት ተከፈተ።

«አንተ የሱፍ፣ የሐረጎን ዳገት ታውቀው የለ?»

«እንዴት አላውቀው ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በሰማይ ይኬዳል እንዴ?»

«እንግዲያው ኔትወርክ ማለት ሐረጎ ነው። መንገዱ ያው አንድ ነው። ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ ይወጣል፣ ከኋላው አምቡላንስ ይመጣል። ማን ይለፍ? ሽንኩርቱ ማታም ቢደርስ ሽንኩርት ነው። ሜሴጅ ማለት ሽንኩርት ነው፣ ቢቆይ ምንም አይሆን። ድምፅ ግን አምቡላንስ ነው! ተቆራርጦ የደረሰ፣ ግማሹ መንገድ ላይ የቀረ ድምፅ ምን ይሠራልሃል? ማሽኖቹ ራሳቸው እንዲህ ነው የሚያስቡት፤ የተማሩት ልጆች ነግረውኛል። የሚነገር ይቅደም፣ የሚጻፍ ይቆይ!»

ይቺን የመጨረሻዋን አባባል በቀን አሥር ጊዜ ይሏታል። ማለት ብቻ ሳይሆን ይኖሩባታል። የደረሳቸውን ሜሴጅ የሚያነቡት በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኪዮስካቸውን ዘግተው መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስልካቸው መቶ ጊዜ ጢጥ ቢል ዞር ብለው አያዩትም። በበዓል ጠዋት ደግሞ በሰፈሩ አዋጅ ያስነግራሉ፤ «እስከ ሰባት ሰዓት የምኞት ሜሴጅ የለም! መንገዱን ጭንቅ ላለበት ልቀቁ!»

ከሁሉ የባሰው የሚስኮሉ ሕግ ነበር። ካርድ እንዳይባክን፣ መስመርም እንዳይያዝ ብለው በወረቀት ጽፈው ኪዮስካቸው በር ላይ ለጠፉት። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ፣ ደህና ነኝ። ሁለት ጊዜ፣ ደውልልኝ። ሦስት ጊዜ፣ ድረስልኝ። ከሥሩ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ «የሰው ሚስኮል ማንሳት ነውር ነው።» ሰፈርተኛው ሳቀ፣ አሾፈ፣ ከዚያ ያለምንም ማፈር ተጠቀመበት። የሱፍ አንድ ቀን ተሳስቶ የአማቱን የአቶ አብዱልወሀብን ሚስኮል ቢያነሳባቸው፣ ሽማግሌው ከደሴ ዙሪያ «ካርዴን በላኸው!» ብለው ጮኹበት፤ ጋሽ ስማቸውም ሰምተው ግማሽ ቀን ሙሉ ገሠጹት። «ደህና ነኝ ላለህ ሰው ምን ብለህ ታነሳለህ? ደህና መሆኑን አታምነውም?»

አሁን እትዬ አልታየችን ላስተዋውቃችሁ። የጋሽ ስማቸው ታላቅ እህት ናቸው፣ እናታቸው ስትሞት ያሳደጓቸው። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠራ ሩቲ ለምትባል ልጅ አንድ ክፍል አከራይተው ይኖሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ የሳቸው ድምፅ ከመዘምራኑ ሁሉ ነጥሮ ይወጣል፤ ስልክ ላይማ አይጠየቅ! ሞባይል የገዙ ሰሞን በየጠዋቱ እየደወሉ የዶሮዎቻቸውን ነገር፣ ያለ ቄስ የተጋቡትን ጎረቤቶች ነገር፣ የቦርከናን ወንዝ ሙላት ሲያወሩ፣ የሱፍ ከሦስት ሱቅ ማዶ ሳቃቸውን ይሰማው ነበር። ጋሽ ስማቸው ግን አንድ ቀን ቆጣ አሉ። «እትዬ፣ ዶሮ አምቡላንስ አይደለችም። መንገዱን አታጨናንቂብን። ጠዋት ጠዋት አንዴ ጥሪና ዝጊው፣ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ።»

እትዬ አልታየች ለወንድማቸው ታዛዥ ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጋሽ ስማቸው ስልክ አንድ ጊዜ ይጮሃል፣ ዝም ይላል። እሳቸውም ፈገግ ብለው «አልታየች ደህና ነች፣ ጌታ ይመስገን» ይሉና ኪዮስካቸውን ይከፍታሉ። ፋሲካን አብረው ካሳለፉ ወዲህ ኮምቦልቻ አልወረዱም። የሱፍ «ጋሼ፣ ምነው እትዬን አይጠይቋቸውም?» ሲላቸው፣ «ደህና መሆኗን በየቀኑ እየነገረችኝ ምን ያስኬደኛል?» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ሕጉ ይሠራ ነበር።

የ2003 ዓ.ም. አረፋ የዋለው ኅዳር ውስጥ ነው። የሱፍ ሶላት ሰግዶ፣ በጉን አርዶ፣ ጋሽ ስማቸውን ቤቱ ጠራቸው፤ ሳፊያም በወሎ ወግ ለክርስቲያን እንግዳ የሚሆነውን ለብቻ አሰናድታ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ስማቸው ጠዋት አዋጃቸውን አስነግረው ነው የመጡት። የሱፍ ግን አዋጁን ጥሶታል፤ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ለሚያውቀው ሁሉ ዒድ ሙባረክ ሲልክ ነው ያረፈደው። እሱ ብቻ መቼ ሆነ፣ አገር በሙሉ ይልካል። መስመሩ ተጣበበ፤ ሳፊያ ለአባቷ ስድስት ጊዜ ደውላ አልገባላትም።

አምስት ሰዓት ላይ የጋሽ ስማቸው ስልክ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ዝም አለ።

«አልታየች ነች። ደህና ነች፣ ጌታ ይመስገን» አሉ ጋሽ ስማቸው።

«ዛሬ አረፈዱሳ፣ ጋሼ? አንድ ሰዓት ላይ አልነበር የሚደውሉት?»

«በዓል ነዋ! ሐረጎ በሽንኩርት ተዘግቷል። እናንተው ናችሁ የዘጋችሁት።»

የሱፍ ይቺን ስድብ ሲሰማ ጨዋታ አማረው። ስልኩን ከጋቢው ሥር ደብቆ፣ ፊት ለፊቱ ለተቀመጡት ለጋሽ ስማቸው ዒድ ሙባረክ ብሎ ላከላቸው። የሳቸው ስልክ ጢጥ አለ። ስልኩን አላዩትም፤ የሱፍን ግን አዩት። «አንተ ባለጌ፣ አንተ ነህ!» ደግሞ ላከ። ደግሞ ጢጥ። ሳፊያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሦስተኛውን ሲልክ ጋሽ ስማቸው ራሳቸው መሳቅ ጀመሩ። «ላክ! ሺህ ላክ! አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን አላነብልህም። የሚጻፍ ይቆያል!»

ከዚያ ተበላ፣ ተጠጣ፣ የሹሙ ታሪክ ተጀመረ። የሱፍ ስልኩን ወስዶ ጓዳ ቻርጅ ላይ ሰካው። ሹሙ ሁለተኛዋን ሽጉጥ ሲታጠቁ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ የጋሽ ስማቸው ስልክ ለአራተኛ ጊዜ ጢጥ አለ።

«አሁንም አላረፍክም?» አሉት ጋሽ ስማቸው።

የሱፍ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዟል። ስልኩ ጓዳ ነው። እሱ እንዳልላከው ያውቃል። አንድ ቃል፣ «ይቺስ የኔ አይደለችም ጋሼ፣ ይዩዋት» ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቀልዱ ግን ጣፈጠው። ፊቱን ጥፋተኛ አስመስሎ አጎነበሰ፣ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞላ፣ ጋሽ ስማቸውም ታሪካቸውን ቀጠሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መነጽራቸውን አደረጉ። የሱፍ የሚሰድቡትን ስድብ ሊሰማ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ጋሽ ስማቸው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማንበብ ስለሚቸግራቸው በከንፈራቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት። ከንፈራቸው ቆመ። ስልኩን ለየሱፍ ዘረጉለት።

«እትዬ ታመዋል። ድምፅዎን ልስማ እያሉ ነው። ቶሎ ይምጡ። ሩቲ።»

በዓል በመሆኑ ሚኒባስ በስንት ልመና ተገኘ። ሐረጎን ወረዱ። ጭነት መኪና መንገድ ሲዘጋባቸው፣ ጋሽ ስማቸው ሾፌሩን ትከሻውን ይዘው «እለፈው፣ አንተ ልጅ፣ በጌታ ስም እለፈው» አሉት። የሱፍ ከጎናቸው ተቀምጦ በልቡ ያችን አራተኛ ጢጥታ ደጋግሞ ይሰማ ነበር። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሩቲ ደጅ ላይ ቆማ አገኟት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላስፈለገም።

እትዬ አልታየች ያረፉት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሩቲ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጠዋት ደረታቸውን ያዛቸው፣ የጠዋቷን ጥሪ እንኳ ሳይጠሩ ተኙ። በኋላ «ወንድሜን አገናኚኝ፣ ዛሬስ ድምፁን ልስማው» አሏት። በሳቸው ስልክ ስንት ጊዜ ብትሞክር መስመሩ አልገባ አላት። አንድ ጊዜ ገባ፣ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። «እትዬ እንኳ ሳቁ» አለች ሩቲ። «‹ደህና ነች ብሎ ቁጭ ብሏል፣ ይሄ ሞኝ ወንድሜ› አሉ። ያኔ ነው ሜሴጁን የጻፍኩት፤ እሱም በስንት ሙከራ ሄደ። በባጃጅ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ ልብ ነው፣ ብዙም ተስፋ የለውም አሉን። እስከ መጨረሻው አፋቸው አልተያዘም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹መጣ?› ይሉኝ ነበር።»

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። የሱፍ አልተለየም፤ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ተሸከመ፣ ለቀስተኛውን እጅ አስታጠበ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ጋሽ ስማቸው ማን ይቅደም ማን ይከተል አላሉም። እሳቸው አንድ ጥግ ተቀመጡ፤ የመጣ ሁሉ እንደ መጣ ገባ። በሦስተኛው ቀን ለየሱፍ አንድ ነገር ብቻ ነገሩት።

«ከፋሲካ ጀምሮ ደህና ነች፣ ደህና ነች ስል ከረምኩ። ሰባት ወር ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም እኮ፣ የሱፍ። ትዝ ያለኝ አሁን ነው።»

«አብሽሩ ጋሼ፣ የአላህ ሥራ ነው» አለ የሱፍ። ሌላ የሚለው ነበረው፤ ወንበር ሊሸከም ተነሣ።

ደሴ ሲመለሱ ጋሽ ስማቸው ወረቀቷን ከኪዮስኩ በር ላይ ገንጥለው ጣሏት። ከዚያ ወዲያ ሌላ መከራ መጣ። የማንንም ሚስኮል የማያነሱት ሰውዬ የሁሉንም ማንሳት ጀመሩ! ገና አንዴ እንኳ ጮሆ ሳይጨርስ «ሀሎ! አለሁ! ማን ልበል? ደህና ነህ?» ይላሉ። ካርድ አምጡልኝ ለማለት ሚስኮል ያደረገ ደንበኛ ካርዱ አልቆበት ሲመጣ ይቆጣል። አቶ አብዱልወሀብ ከደሴ ዙሪያ ድረስ መጥተው «ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው?» አሉ። ሜሴጅም እንደደረሰ፣ የሰው ሒሳብ እየመለሱ ቢሆን እንኳ፣ ሁሉን ጥለው ያነባሉ፤ የዕጣ ማስታወቂያ ይሁን ምን ይሁን። ሰዉ ቀስ በቀስ ቁጥራቸውን መደወል ተወ። ስልካቸው ዝም አለ። በተለይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኪዮስካቸውን ሳይከፍቱ፣ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው የሱፍ ያያቸው ነበር። ያየ ሁሉ ያዝን ነበር፤ የሱፍ ግን ከማዘንም አልፎ እንቅልፍ አጣ።

አንድ ጠዋት የሱፍ ሱቁን ከፈተ፣ ሰዓቱን አየ፣ ልክ አንድ ሰዓት ሲል ደወለላቸው። ጋሽ ስማቸው ወዲያው አነሱት።

«ሀሎ! አለሁ! ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ ጋሼ። እንዴት አደሩ ልበልዎት ብዬ ነው።»

«አንተ ሞኝ! ሦስት ሱቅ ተራምደህ አትመጣም? ካርድ ተረፈህ?»

«ተረፈኝ።»

በማግሥቱም ደወለ። በሦስተኛውም ቀን። ምን እንደሚያወሩ ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ የሱፍ ዶሮዎች ገዝቷል፣ ከነሱ አንዷ ሳፊያን እንቁላል አልጥል አለቻት፣ የሰኞ ገበያ በርበሬ ተወደደ። ሁለቱም አንገታቸውን ቢያወጡ ይተያያሉ፤ ግን ፊታቸውን አዙረው ነው የሚያወሩት። ጋሽ ስማቸው በየቀኑ ይሰድቡታል፣ በየቀኑ ያነሱታል። ከካርዱ ግማሹን የሚገዛው ከራሳቸው ኪዮስክ ነው፤ ይህንንም ያውቃሉ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት ሊሞላው ሆነ። አንድ ቀን የሱፍ ለሠርግ የታዘዘ ሱሪ ይዞት አንድ ሰዓት አለፈው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የራሱ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ስማቸው ናቸው፤ ቆርጠው አልተዉትም፣ እስኪያነሳው ጠበቁ።

«ምነው ዛሬ? ደህና አይደለህም እንዴ?»

ድምፃቸውን ሲሰማ የሱፍ ሌላ ቀን መሸከም አቃተው። የልብስ መኪናውን አቆመ።

«ጋሼ፣ ደህና ነኝ። አንድ ነገር አለ። በአረፋው ዕለት አራተኛዋ ሜሴጅ የኔ አልነበረችም። ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበር። ወላሂ እያወቅሁ ዝም አልኩ። በስምንት ሰዓት ቢያነቧት ይደርሱላቸው ነበር። አፉ ይበሉኝ።»

የሱፍ ተቋረጠ ብሎ ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ አልተቋረጠም።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ስማቸው። «ብርጭቆህን በሁለት እጅህ ይዘህ ነበር። ያኔውኑ ነው ያየሁት። የሱፍ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው ብዬ በልቤ አልኩ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝና አላነበብኳትም። ስታጎነብስልኝ ደስ አለኝ፤ ቀልዱን ሰበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ምን ላርግ፣ ልጄ? ሁለታችንም እናውቅ ነበር።»

በመሐል አንድ ሚኒባስ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ አለፈ፤ ድምፁን ሁለቱም በስልኩ ውስጥም በደጁም ሰሙት።

«ሀሎ? አለህ?» አሉ ጋሽ ስማቸው።

«አለሁ ጋሼ።»

«በል ያችን ዶሮ ንገረኝ። ጣለች?»